ከዕድር የማይቀረው አባል ከቦይ ጠረጋ ለምን ይቀራል?

ከጨንቻ ደጋ የሚነሳው የሐሬ ወንዝ አባያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚገኙትን የቆላ ሻራን፣ የጫኖ ዶርጋን፣ የጫኖ ጫልባንና የጫኖ ሚሌን ማሳዎች ያጠጣል። በቀድሞ ጊዜ በቆሎና ጥጥ በብዛት ይታይበት የነበረው ይህ ቆላ ዛሬ በአብዛኛው ሙዝ ለብሷል። ከአርባ ምንጭ አካባቢ የሚጫነው ሙዝ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ የታወቀ ነው። ሙዝ ደግሞ ውሃ ወዳድ ተክል ነው። በበጋው ወራት ውሃ ከተቋረጠበት ዘለላው ያንሳል፤ ፍሬው ይቀጥናል፤ ገበሬውም የልፋቱን ዋጋ ሳያገኝ ይቀራል።

ወንዙ ግን ውሃ ብቻ ይዞ አይወርድም። ከደጋው የታጠበውን አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ጭምር ተሸክሞ ይመጣል። ደለሉ ቦዩን ሲሞላ ውሃው ከራስጌው ይገነፍላል፤ በግርጌው ያለው ገበሬ ደግሞ ደረቅ ቦይ ታቅፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቦይ በየጊዜው መጠረግ አለበት። ይህንንም አንድ ሰው ወይም አሥር ሰው ሊወጣው አይችልም፤ የውሃው ተጠቃሚ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ መውጣት ይኖርበታል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጠረጋው ቀን ይነገራል፤ ጡሩንባ ይነፋል። ከአባላቱ መካከል አንዳንዱ በሰዓቱ ይገኛል። አንዳንዱ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ብቅ ይላል። ሌላው አካፋውን ተደግፎ ሲያወራ ይውላል። ከናካቴው የማይመጣም አለ። መሪው ይቆጣል፤ ያስጠነቅቃል፤ የቀሪዎችን ስም ዝርዝር ለበላይ አካል እንደሚያስተላልፍ ይናገራል። ይህ ሁሉ ሆኖ በሚቀጥለው ጠረጋ የቀሪው ቁጥር ጨምሮ ይገኛል።

ነገሩ በሐሬ ቦዮች ብቻ የሚታይ አይደለም። በቦንኬ፣ በዲታና በጨንቻ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠራ፣ የቀበሌ መንገድ ሲጠገን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ፣ በየትኛውም የአገራችን ክፍል የሚገኝ የገበሬ ማኅበር መሪ የሚያውቀው ችግር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከቦይ ጠረጋ የቀረው ያው ገበሬ ከዕድር አይቀርም። የዕድር ጡሩንባ ሲሰማ እርሻውን ጥሎ ይወጣል፤ መዋጮውን በወሩ ይከፍላል፤ ታሞ ካልሆነ በቀር ከቀብር አይጠፋም። እንግዲህ ይህ ሰው በተፈጥሮው ሰነፍ ወይም የጋራ ሥራ ጠላት ነው ሊባል እንዴት ይቻላል? ሰውዬው አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሁለቱ ሥራዎች አደረጃጀት ላይ ነው።

የዕድሩ ምስጢር

ዕድር ከአባሉ ጋር ያለው ግንኙነት አራት ነገሮችን ያሟላ ነው።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ አባል ድርሻ አስቀድሞ ታውቆ የተወሰነ ነው። መዋጮው ይህን ያህል ነው፤ የቀብር ግዴታው ይህ ነው ተብሎ ተነግሮታል። ማንም ሰው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ወይም መቼ እንደሚሰናበት ሳያውቅ አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ስም ይጠራል። የተገኘውም የቀረውም በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። በሕዝብ መካከል ተደብቆ መቅረት፣ ወይም ሳይለፉ እንደለፋ ሰው መቆጠር አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ደንቡ ሁሉንም እኩል ይገዛል። ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ሰብሳቢውም ቢቀር ይከፍላል። የታመመ፣ ሐዘን ላይ ያለ ወይም መንገድ የሄደ ሰው ምክንያቱን ካስታወቀ ይታለፋል።

አራተኛ፣ ጥቅሙ አይጠረጠርም። አባሉ ዛሬ የጎረቤቱን አባት ሲቀብር ነገ ለራሱ ድንኳን እንደሚተከልለት እርግጠኛ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብም በስብሰባ ላይ ሒሳቡ ይነበባል።

አሁን የቦይ ጠረጋውን በዚሁ ሚዛን መመዘን ይቻላል። በብዙ ቦታ ሥራው የሚጀመረው «ሁሉም ይውጣ» በሚል ትእዛዝ ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ አልተለካም። የተገኘውና የቀረው በውል አልተመዘገበም። የመሪው ዘመድ ቢቀር ዝም ይባላል። በቦዩ ግርጌ ያለው ሰው ደግሞ አካፋ ይዞ ቢውልም ውሃው እሱ ዘንድ ስለመድረሱ ማረጋገጫ የለውም። በዚህ ዓይነት የተደራጀ ሥራ ከዕድር የማይቀረውን ሰው እንኳ ያስቀራል።

ሁሉም ቀሪ ሰነፍ አይደለም

በመሪዎች ዘንድ የሚታየው ዋነኛ ስሕተት ቀሪዎችን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ነው። «ልማት የማይወዱ» ወይም «አስቸጋሪዎች» ተብለው በጅምላ ይወቀሳሉ። ነገር ግን የቀሪዎችን ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት ቢኬድ ምክንያታቸው የተለያየ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ዓይነት ቀሪ መምጣት የማይችለው ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ትንንሽ የሆኑ እናት ከጎረቤቷ ጎረምሳ ጋር እኩል ሜትር ቆፍሪ ብትባል አትችልም። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ፣ ብዙ ሰዎች በሸማ ሥራ ለመተዳደር አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሄዳሉ። የቤቱ አባወራ እዚያ እያለ ስሙ እዚህ ቢጠራ «ቀሪ» መባሉ አይቀርም። የጠረጋው ቀን በገበያ ቀን ላይ ወድቆ ከሆነም ጥፋቱ የቀጠሮው እንጂ የአባሉ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅሙ የማይታየው ነው። ከሁሉ ይልቅ ይህ በቦዩ ግርጌ ባለው ገበሬ ላይ ይታያል። ሦስት ጊዜ ጠርጎ ሦስት ጊዜ ውሃው ራስጌው ላይ ከተጠለፈበት፣ ለአራተኛው አልወጣም ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ይህ ሰው በስንፍና ሊከሰስ አይገባውም። በተግባር አይቶ፣ አስልቶ የወሰነ ሰው ነውና።

ሦስተኛው የተበደለው ነው። አንድ ጊዜ ያለአግባብ ተቀጥቷል፤ ወይም በስብሰባ መካከል ተሰድቧል፤ ወይም የድንበር አቤቱታው ሳይታይለት ቀርቷል። ቅሬታውን በአፉ አይናገርም። በአካፋው ይናገራል፤ ይኸውም ባለማንሳት ነው። «ዝም አይነቅዝም» እንዲሉ፣ ይህ ዓይነቱ ሰው በስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስለሚቀመጥ የተስማማ ይመስላል።

አራተኛው ፈጽሞ ያልተጠየቀው ነው። በጋሞ አገር ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፣ በጉባኤ ላይ እንደ ሙሉ ሰው ሳይቆጠሩ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ሴቶችም በብዙ ቦታ ከጉባኤው ዳር ናቸው። ሐሳቡ ሳይጠየቅ ጉልበቱ ብቻ የሚፈለግ ሰው ሥራውን እንደራሱ ሥራ አይቆጥረውም።

አምስተኛው በእርግጥም በሌላው ላብ ለመጠቀም የሚፈልገው ነው። የዚህ ዓይነት ሰው የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም አራቱ ተለይተው ከወጡ በኋላ የሚቀረው እርሱ ቁጥሩ ጥቂት ነው። አምስቱንም በአንድ ዱላ መምታት ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ዓይነት ይሆናል። የተበደለው ይብስበታል፤ ያልቻለው ያፍራል፤ እውነተኛው ሰነፍ ደግሞ በእነርሱ መካከል ተሸሽጎ ያልፋል።

ሃምሳ ሎሚና የፈረንሳዩ ገመድ

ማክሲሚልያን ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ በእ.ኤ.አ. 1913 ያሳተመው የሙከራ ውጤት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሪንገልማን ሰዎች ለብቻቸውና በኅብረት ሆነው ገመድ ሲጎትቱ የሚያወጡትን ኃይል ለካ። አንድ ሰው ለብቻው ሲጎትት የሚያወጣው ኃይል 100 ነው ቢባል፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93 ወረደ፤ ሦስት ሲሆኑ 85፤ ስምንት ሲሆኑ 49 ብቻ ሆነ። ስምንት ሰዎች የአራት ሰዎች ያህል እንኳ አልጎተቱም ማለት ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ጉተታው በአንድ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በእ.ኤ.አ. 1979 ቢብ ላታኔና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኅብረት ሲጮኹና ሲያጨበጭቡ ለብቻቸው ከሚያደርጉት ያነሰ ኃይል እንደሚያወጡ አሳዩ። ቀጥሎም በተደረገ ሙከራ የእያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ እንደሚለካ ለሰዎቹ ሲነገራቸው ልግመቱ ጠፋ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ምክርም አልተሰጣቸውም። የተለወጠው ድርሻቸው መታየቱ ብቻ ነው።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ኅብረትን ለማወደስ በየስብሰባው ይጠቀሳል። ነገር ግን ልብ ብሎ ላዳመጠው ሌላም ቁም ነገር አለው። ሃምሳው ሎሚ ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ሎሚ በእጁ ሲይዝ ነው። ሎሚው ሁሉ በአንድ ጆንያ ተከቶ ሃምሳ ሰው ጆንያውን ያንሳ ቢባል፣ የሚያነሱት አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ የቀሩት እጃቸውን ጣል አድርገው ይከተላሉ።

ከትናንቱ የሚገኝ ትምህርት

የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ገበሬው መሬቱንና ጉልበቱን አንድ ላይ አድርጎ እንዲያርስ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። መልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሯቸው። በመልባ ደረጃ አባሉ ለጓሮ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ መሬት በግሉ ይይዛል፤ ደረጃው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር የግሉ እያነሰ የጋራው እየበዛ ይሄዳል። የአባላት ገቢ የሚከፋፈለው በሥራ ነጥብ ነበር።

በወረቀት ላይ ሲታይ የሥራ ነጥብ ድርሻን የሚቆጥር ሥርዓት ይመስላል። በተግባር ግን ከሜዳ መገኘትን እንጂ የሥራውን ጥራት ለመቁጠር አስቸጋሪ ነበር። ማልዶ የመጣና በጥንቃቄ ያረመ ሰው፣ አካፋ ተደግፎ ከዋለው ጋር ነጥቡ ከተቀራረበ፣ ትጉሁ ትጋቱን መቀነሱ የማይቀር ነው። ከዚህም በላይ ብዙ አባላት ወደ ማኅበሩ የገቡት በሙሉ ፈቃዳቸው አልነበረም። ማኅበራቱ በማዳበሪያ፣ በብድርና በባለሙያ እርዳታ ቅድሚያ ቢያገኙም ጓሮው ለምቶ የጋራው ማሳ አረም ሲውጠው የታየባቸው ቦታዎች ጥቂት አልነበሩም።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅና አባላት ከፈለጉ መውጣት እንደሚችሉ ሲታወቅ፣ ከእነዚህ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱን፣ በሬውንና መሣሪያውን ተከፋፍለው ወደየግል እርሻቸው ተመለሱ። በስብሰባ ላይ ለዓመታት እጅ እያወጣ ያጸደቀው ሕዝብ በልቡ ከወጣ ቆይቶ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የጋራ ሥራ አይሆንም የሚል አይደለም። እነዚያው ገበሬዎች ደቦውንና ዕድሩን አልተዉም፤ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ዕድር አልፈረሰም። ትምህርቱ ሌላ ነው። የተገኘ ሰው ሁሉ አብሮ ነው ማለት አይደለም፤ የወጣ እጅም ሁሉ የተስማማ ልብ አይደለም። መሪ አባላቱን የሚቆጥረው በስብሰባ ላይ በወጣው እጅ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ማኅበሩ መፍረሱን የሚያውቀው ከፈረሰ በኋላ ይሆናል።

ዱቡሻ፦ መጀመሪያ መደማመጥ

በዚህ ረገድ የጋሞ ሕዝብ ከሌላ አገር ልምድ ከመፈለጉ በፊት በእጁ ያለ ሀብት አለው። ይኸውም ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ስለ ድንበር፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጋራ ሥራና ስለ ጥል የሚመክርበት ሜዳ ነው። ጉባኤው በአባቶች ምርቃት ይከፈታል። ተናጋሪው ተነስቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ተቆርጦ አያልቅም፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው እስኪያምን ወይም ሌሎቹ እስኪያምኑለት ይመከራል። አንድ ቀን ካልበቃ ሌላ ቀን ይጨመራል። ሀላቃ የሚባለው ሹም የጉባኤውን ውሳኔ ያስፈጽማል እንጂ ከጉባኤው በላይ ሆኖ አያዝም።

ለቸኮለ መሪ ይህ አሠራር ጊዜ የሚያባክን ይመስላል። ነገር ግን ጊዜው የሚጠፋው ከሥራው በፊት ነው፤ ከሥራው በኋላ አይደለም። ተናግሮ፣ ተደምጦ፣ ከተስማማ በኋላ የወጣ ሰው በየቀኑ ጡሩንባ አያስፈልገውም። ዱቡሻም ቢሆን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከላይ እንደተገለጸው ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ ሴቶችም ጭምር፣ ድምፃቸው የማይሰማበት ጊዜ ነበር። ስለሆነም የዛሬው መሪ ተግባር ደንበኛውን የመደማመጥ ልማድ ይዞ ለእነዚህም ቦታ መስጠት ነው።

የጋሞ አባቶች ልማድ በአስጨናቂ ጊዜም ተፈትኖ ታይቷል። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ነዋሪዎች ላይ ግድያ መፈጸሙ ሲሰማ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ይህ ድርጊት ከቦይ ጠረጋ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገናኘው አንድ ነገር አለ። አባቶች በዚያን ቀን ዱላም ወረቀትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ለብዙ ዘመን ሕዝቡን በማዳመጥ ያከማቹት ክብር ነው። በሰላሙ ጊዜ ያላከማቸው ሰው በችግር ቀን ቢንበረከክ የሚያየው የለም።

የሌላው ዓለም ልምድ

በኮርያ ሪፐብሊክ በእ.ኤ.አ. 1970 የገጠር ልማት ዘመቻ ሲጀመር መንግሥት ከ33 ሺ ለሚበልጡ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው 335 ከረጢት ሲሚንቶ ሰጠ። መመሪያው አጭር ነበር፦ ሲሚንቶው ለመንደሩ የጋራ ጥቅም ይዋል፤ በምን ላይ እንደሚውል ነዋሪዎቹ ይወስኑ። አንዳንዱ መንደር ድልድይ፣ የጋራ ጉድጓድና መንገድ ሠራበት። ሌላው ብዙም ሳይሠራበት ቀረ። በሚቀጥለው ዙር መንግሥት ጥሩ ለሠሩት 16,600 መንደሮች ብቻ 500 ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ቶን ብረት ጨመረላቸው። የቀሩት መንደሮች የጎረቤታቸውን ድልድይ እያዩ በራሳቸው ተነሳሱ። ዘመቻው በጊዜው የነበረው የመንግሥት ግፊት ያልተለየው ቢሆንም፣ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፦ ምን እንደሚሠራ የወሰነው መንደሩ ነው፤ ሽልማቱም ለተሠራ ሥራ የተሰጠ ነው።

ስለ መስኖ ውሃ አያያዝ ደግሞ በሰሜን ፊሊፒንስ ዛንሄራ የሚባሉት የገበሬዎች የመስኖ ማኅበራት አሠራር የታወቀ ነው። በእ.ኤ.አ. 2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው አሜሪካዊት ኤሊኖር ኦስትሮም ስለ ጋራ ሀብት አጠባበቅ በጻፈችው መጽሐፍ ይህን ልምድ ገልጻዋለች። በእነዚህ ማኅበራት አባሉ በቦዩ ራስጌ፣ መካከልና ግርጌ የተከፋፈለ መሬት አለው። ስለሆነም በግርጌው ያለው ችግር የሁሉም ችግር ይሆናል። ለመሪዎቹ አገልግሎት የሚሰጣቸው መሬት ደግሞ በቦዩ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነው። ውሃው ግርጌ ካልደረሰ መሪው ራሱ አያመርትም። ከዚህ የበለጠ መሪን የሚያተጋ ደንብ ማግኘት ያስቸግራል።

ኦስትሮም በብዙ አገሮች ካየቻቸውና ረጅም ዕድሜ ካላቸው ማኅበራት ያገኘችው ሌላው የጋራ ባሕርይ የቅጣት አሰጣጣቸው ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት የሚሰጠው ቅጣት ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ከተደጋገመ ከፍ ይላል። አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ያሉትን ይመስላል። ምክሩ ሁለት ጊዜ መደጋገሙን ልብ ይሏል።

መሪው ምን ማድረግ ይችላል?

በአርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፍቶ፣ ይኸው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም ሕጋዊ መሠረት የሚሰጥ አዋጅ በቁጥር 841/2006 ወጥቷል። ባለሙያው የውሃውን መጠን ይለካል፤ ሕጉም ማኅበሩን ያቋቁማል። አባሉን ከቤቱ የሚያወጣው ግን በየቀበሌው ያለው መሪ ነው። ለዚህም የሚከተሉት ተግባሮች ይረዳሉ።

1. ከጠረጋው ቀን በፊት የቀሪዎችን ቤት መጎብኘት። ጉብኝቱ ለማስፈራራት መሆን የለበትም፤ ለመጠየቅ ነው። «ለምን ቀረህ?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ሳናይህ ቀረን፤ ደህና ነህ ወይ?» ብሎ መጀመር የተዘጋውን አፍ ይከፍታል። የተበደለ ካለ በደሉ በስብሰባ ፊት ከመቅረቡ በፊት በግል ይሰማለት።

2. ቦዩን ለክቶ ማከፋፈል። ከራስጌ እስከ ግርጌ ያለው ርዝመት በገመድ ይለካ፤ ለየአባሉ በሚያጠጣው መሬት ስፋት መጠን ሜትር ይሰጠው፤ ወሰኑም በችካል ይለይ። ድርሻውን የጨረሰ ሰው በአራት ሰዓትም ቢሆን ወደ ቤቱ ይሂድ። ቀኑን ሙሉ በማስቆም የሚገኘው ልግመት እንጂ ሥራ አይደለም።

3. ላልቻለ መንገድ ማበጀት። አቅም የሌላት እናት ወይም አረጋዊ ሰው ከቁፋሮ ይልቅ መዝገብ መያዝ፣ ውሃ ማቅረብ ወይም የውሃ ተራ መቆጣጠር ይችላሉ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ወኪል መላክ ወይም ጉባኤው የወሰነውን መክፈል ይችላል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በደንቡ ላይ ይጻፍ እንጂ በመሪው መልካም ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል።

4. ስም መጥራትና መዝግቦ ማንበብ። በጠረጋው መጨረሻ ድርሻውን የጨረሰ፣ ያልጨረሰና በፈቃድ የቀረ ሁሉ በሰው ፊት ይነበብ። የጨረሰው መመስገኑ የቀረውን ከመስደብ የበለጠ ይሠራል። የመሪውና የዘመዶቹ ስም ከሁሉ አስቀድሞ ይነበብ።

5. ጠረጋው ባለቀ ማግሥት የመጀመሪያውን የውሃ ተራ ለግርጌው መስጠት። በግርጌው ያለው ገበሬ ውሃው በማሳው ሲገባ በዓይኑ ካየ ለሚቀጥለው ጠረጋ ማንም መቀስቀስ አያስፈልገውም። የራስጌው ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ግርጌው ካልወጣ የራስጌውን ደለል የሚጠርግ ሰው እንደማይኖር በጉባኤ ላይ ማስረዳት ይቻላል።

6. ለሚያጉረመርመው ሰው ኃላፊነት መስጠት። «ክፍፍሉ አድልዎ አለበት» የሚለውን ሰው መለኪያውን ገመድ ማስያዝ ነው። ቅሬታው እውነት ከሆነ ስሕተቱ ይታረማል። እውነት ካልሆነም በገዛ እጁ ለክቶ ያየውን ሊክድ አይችልም። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚጮኸው ሰው ነገሩ ከሁሉ የሚያሳስበው ሰው ነው።

7. ቅጣትን ከሁሉ በኋላ ማምጣት። ከጉብኝቱ፣ ከክፍፍሉና ከምክሩ በኋላ አሁንም በሌላው ላብ የሚጠቀም ቢገኝ፣ ጉባኤው ራሱ የወሰነው ትንሽ ቅጣት ይከፈል። ጥፋቱ ቢደጋገም ወደ ሽማግሌ፣ ቀጥሎም ወደ ጉባኤ ይቅረብ። የውሃ ተራ መከልከል የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የሚጎዳው ቤተሰብ ጭምር ነውና። የቅጣቱ ገንዘብ ገቢና ወጪም እንደ ዕድሩ ሒሳብ በየጊዜው ይነበብ። የት እንደገባ የማይታወቅ ቅጣት ሌላ ቀሪ ይወልዳል።

እነዚህ ተግባሮች በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት ገመድ፣ ችካል፣ መዝገብና ጥቂት የምሽት ጉብኝት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት መሪው ራሱን ከደንቡ በታች ማድረጉ ነው። የራሱን ድርሻ በግርጌው በኩል ወስዶ በሰዓቱ የሚገኝ ሊቀመንበር ካለ ግን ግማሹ ቅስቀሳ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል።

የአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናብ በሁለት ወቅት የሚከፈል ነው፤ አንዱ በመጋቢትና በግንቦት መካከል፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት። በሁለቱ መካከል ያለው ደረቅ ወር የሙዙን ዘለላ የሚወስነው ነው። የመስከረሙና የጥቅምቱ ጎርፍ ያመጣው ደለል ታኅሣሥ ከመግባቱ በፊት ከቦዩ ካልወጣ፣ በበጋው የሚጣለው ጥፋት በራስጌውና በግርጌው ገበሬ መካከል ጥል ሆኖ ይበቅላል። ከጠረጋው የቀሩትን አባላት ደጃፍ ማንኳኳት የሚገባውም ከዚያ በፊት፣ ቦዩ ገና እርጥብ ሳለ ነው።